ተመላላሹ ምን ይሁን?

አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ልታጡ ትችላላችሁ። ቤት ልታጡ ትችላላችሁ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ታክሲ ማጣትማ ወግ ነው። መካሪ ግን አታጡም። በዚህ በኩል የታደልን ሕዝብ ነን። እኔም ዛሬ የተቀመጥኩት ለማመስገን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ኳስ ተጫዋች ነው። ነበር ልበል? እሱ ራሱ ገና አልለየለትም። 7 ዓመት በግራ መስመር ተመላላሽ ሆኖ ሲሮጥ ኖሮ ዘንድሮ ክለቡ ውሉን አላደሰለትም። ጠርቶ የነገረው ሰው የለም። የቡድኑ ቴሌግራም ላይ ለዝግጅት የሚገቡ ልጆች ስም ተለጠፈ፣ ከላይ ወደ ታች አነበበ፣ ከታች ወደ ላይ አነበበ፣ ስሙ የለም። ትንሽ ቆይቶ ከግሩፑ አስወጡት። ሽኝቱ ይቺው ናት።

አየር ይቀይር ብዬ ቅዳሜ ከሰዓት ስታዲየም አካባቢ ወዳለ ካፌ ወሰድኩት። ጥፋቱ የኔ ነው። የተቀነሰ ተጫዋች ይዞ ስታዲየም ዙሪያ ካፌ መግባት፣ ሥጋ አንጠልጥሎ ድመት የበዛበት ግቢ እንደ መግባት ነው።

ማኪያቶው ሳይመጣ የመጀመሪያው ደረሰ። ሰላምታ የለም፣ ጤና ይስጥልኝ የለም። «ቀነሱህ አሉ?» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ሁላችሁም ሰፈር አለ። ጨዋታ ባለበት ቀን የልጁን ስም እየጠራ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮሃል፣ አንድ ኳስ ካመለጠው ደግሞ እናቱን እየጠራ ይሳደባል፣ ሲቀነስ ግን ቂም የለውም። ይመክራል። ካልኩሌተር ነው ስሙ ለኔ፣ ምክንያቱም ሶፍት ላይ እስክሪብቶ አውጥቶ መደመር ጀመረ። ነሐሴ 2011 ላይ ክለቦችና ፌዴሬሽኑ የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ በወር 50 ሺህ ብር ይሁን ብለው እንደነበር አልረሳም። በጣም ጥሩ ማስታወስ ነው። 50 ሺህን በ12 አባዛ፣ እሱን በ7 ዓመት አባዛ፣ 4 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር መጣለት። ከዚያ ሶፍቱን ወደ ልጁ ገፋ አደረገና «የት አደረስከው?» አለው። ጣሪያ ማለት ሁሉም ሰው ጣሪያው ላይ ይኖራል ማለት መስሎታል። የአክስቴ ልጅ የዚያን ጣሪያ ግማሽ እንኳ በወር ደመወዝ ይዞ አያውቅም። ለመናገር አፉን ሲከፍት ግን ሰውየው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ ዘጋው። ተረቱ ሥልጣን ላይ ላለ እንጂ ለግራ ተመላላሽ አልተተረተም፣ ቢሆንም አነጋገሩ አማረበት።

ሁለተኛው ታሪክ አዋቂ ነበር። ታሪክ አዋቂ መካሪ ውድ ዕቃ ነው፣ ትንሽ ምሳሌ አይነካም። «ይድነቃቸው ተሰማ ምን ነበሩ? ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱ ኳስ ተጫዋች ነበሩ። በኋላ ምን ሆኑ? የካፍ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ፕሬዚዳንት! ከ1964 እስከ 1979!» እውነቱን ነው። ጆርጅ ዊሃስ? ኳስ አቁሞ የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት ሆኖ ነበር። ይሄም እውነት ነው። እንግዲህ ለአክስቴ ልጅ የቀረቡለት አማራጮች ሁለት ናቸው ማለት ነው፣ ወይ አህጉሩን መምራት ወይ አገር መምራት። «አንተ ምን ጎደለህ?» ሲሉት ዝም አለ። እኔ ግን የጎደለውን አውቃለሁ። የዚህ ወር የቤት ኪራይ።

ሦስተኛው ተግባር ወዳድ ነኝ ባይ ነው። «አሰልጣኝ ሁን!» አለ፣ ልክ ጫማ ቀይር እንደሚባል። የካፍ ላይሰንስ ከዲ ተነስቶ ወደ ሲ፣ ከዚያ ወደ ቢ፣ ወደ ኤ በየደረጃው ኮርስ ወስደው የሚወጡት መሰላል መሆኑ ቀርቶ፣ ፊሽካ ገዝቶ ሜዳ መውጣት ነው ለሱ። ሜዳውስ የት አለ? ልጁ ያደገበት ሜዳ ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፣ ድሮ የማዕዘን ምት ይመታበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን የሰው ልብስ ተሰጥቷል። «እሺ ወኪል ሁን፣ ስልክ ብቻ ነው የሚፈልገው» አለ ቀጥሎ። ፊፋ የወኪሎችን ፈተና በ2015 እንደገና ሲጀምር 20 ጥያቄ አስቀምጦ፣ 75 በመቶ ያላመጣ አያልፍም ብሎ፣ መርጣችሁ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በስፓኒሽ ተፈተኑ ብሏል። ሰውየው ግን የሚያውቀው ወኪል ፈተና የተፈተነ ሳይሆን ሁለት ስልክ ይዞ ሆቴል በረንዳ ላይ የሚያንሾካሹክ፣ ከልጁም ከክለቡም የሚበላ ነው። እሱን ከሆነ ልክ ነው፣ ስልክ ይበቃል።

መኪና ገዝተህ ራይድ ሥራ ያሉም ነበሩ። በምን ብር እንደሚገዛ አልተነገረም፣ ዝርዝር ነው። ዱባይ ሂድ ያለችም አለች። አንድ ጎረምሳ ደግሞ ምንም አልመከረም፣ ትከሻውን አቅፎ ፎቶ ተነሳ። ከሁሉም ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ምክንያቱም እስካሁን ያልኳቸው ሁሉ ማሟሟቂያ ናቸው። በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ፣ ስቴኪኒ በአፋቸው ጥግ የያዙ አንድ ጋሼ መጡ። ወሬውን ቆመው ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ሁላችንንም ዝም አሰኙን። «ሁላችሁም ተሳስታችኋል» አሉ። እሳቸው ለዘመናት ሲያብሰለስሉት የኖሩት ፍልስፍና አላቸው። ሰው ሜዳ ላይ የያዘው ቦታ ከሜዳ ውጪ የሚይዘውን እንጀራ ይነግረዋል። ግብ ጠባቂ የነበረ ጥበቃ ይቀጠራል፣ ቃሉ ራሱ እየነገረው ነው፣ መረቡ በር ሆነ እንጂ ሥራው ያው ነው። ተከላካይ ሕግ ይማራል፣ ፍርድ ቤት ተከላካይ ጠበቃ የሚባል አለላችሁ። አማካይ ደላላ ነው፣ በገዢና በሻጭ መሃል ቆሞ ኳስ ማከፋፈል ነው፣ ኮሚሽኑን ደግሞ አሲስት በሉት። የክንፍ ተጫዋች መስመር ይይዛል፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ፣ ሚኒባስ። አምበል የዕድር ሰብሳቢ ይሆናል፣ ድሮም ከዳኛ ጋር ሲጨቃጨቅ ነው የኖረው። አጥቂስ? «አጥቂ አስቸጋሪ ነው» አሉ ጋሼ፣ «አጥቂ ብሎ ሲቪ ላይ የጻፈን ሰው ማን ይቀጥራል?» ተጠባባቂ ግን፣ ተጠባባቂ የታደለ ነው፣ ምክንያቱም በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ «ተጠባባቂ ኃላፊ» የሚል ስለተለጠፈ፣ 3 ዓመት ቤንች ላይ የተቀመጠ ልጅ ከማንም የተሻለ የሥራ ልምድ አለው፣ ወንበሩን ያውቀዋል፣ ሳይንቀሳቀስ ደመወዝ መብላት ያውቃል፣ አለቃው ሲጮህ አጨብጭቦ መነሳት ያውቃል። በውሰት የተሰጠ ወደ ሚስቱ ቤተሰብ ይገባል። ከጨዋታ ውጪ የሚበዛበት ጡረታውን ያስከብር። ረዳት ዳኛ ባንዲራ ማውለብለብ ስለለመደ መንገድ ዳር መኪና ያስቆም።

እዚህ ላይ አስተናጋጇ ትሪዋን እንደያዘች ቆማ ቀርታለች። ከጎን ጠረጴዛም ወንበር እየተጎተተ ነው።

«ተመላላሽስ ጋሼ?» አለ አንዱ።

ዝም አሉ። ስቴኪኒውን ከቀኝ ጥግ ወደ ግራ ጥግ አዞሩ። ተጨንቀው ነበር ማለት ይቻላል፣ ፍልስፍናው የሚሞትበት ወይም የሚኖርበት ቦታ ደርሷል። ከዚያ ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና፣ «ጉዳይ አስፈጻሚ!» አሉ። ነገ ተመለስ፣ ከሰኞ በኋላ ና፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሲስተም የለም፣ ለዚህ ለዚህ 7 ዓመት ሙሉ ከመስመር እስከ መስመር ሲመላለስ ከኖረ ሰው የተሻለ ማን አለ? ተጨበጨበ። ያኔ እያንዳንዱ የራሱን ማዋጣት ጀመረ። «ተመላላሽ ሠራተኛ እኛም ቤት እንፈልጋለን፣ ልብስ ማጠብ ይችላል?» አለች የዱባይዋ። ሳቅ። ካልኩሌተር ደግሞ፣ ከሳቁ ድርሻው እንዳይቀርበት፣ «ተመላላሽ ታካሚ!» አለ።

ከሁሉም የበለጠ የተሳቀው በዚህ ነው። የአክስቴ ልጅም ሳቀ።

እውነት ስለሆነ ነው የሳቀው። ተመላላሽ ታካሚ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጉልበቱን ይዞ ፊዚዮቴራፒ ይመላለሳል። ጉልበቱ የሄደው በክለቡ ሜዳ፣ በክለቡ ልምምድ፣ በክለቡ ማሊያ ነው። ኤምአርአዩን የተነሳው በእህቱ የዕቁብ ብር ነው። ሲቀነስ የ4 ወር ደመወዝ አልተከፈለውም፣ እስካሁንም አልተከፈለውም፣ ሲደውል ስልኩን የሚያነሳ የለም። የሁለት ወር ደመወዝ የቀረበት ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ ቢያንስ 15 ቀን ሰጥቶ፣ ካልከፈሉት ውሉን በበቂ ምክንያት ሊያቋርጥ እንደሚችል የፊፋ ደንብ ላይ ተጽፏል፣ ከ2010 ጀምሮ። ይህን የነገረው ቡድን መሪ የለም፣ ወኪል ነኝ ባይ የለም፣ ያ ሁሉ ደጋፊ ነኝ የሚል የለም። የካፍን ፕሬዚዳንት ዘመን ከነዓመተ ምሕረቱ የሚያውቅ ሰው «ስንት ወር አልከፈሉህም?» የምትለዋን ጥያቄ አያውቃትም። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ «ጉልበትህ እንዴት ነው?» አላለውም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው ይኼ ነው፣ ስቴኪኒም እንጨት ነው።

ይቅርታ። ለማመስገን ነበር የተቀመጥኩት።

እናም ምስጋናዬን ልጨርስ። ያልተነካ ግልግል ያውቃል ይባላል፣ የኛ ከተማ ሰው ግን ግልግል ብቻ ሳይሆን የሙያ ምክርም ያውቃል። ራሱ ከሥራ የተቀነሰው እንኳን ይመክራል። ቆይቼ እንደተረዳሁት ጋሼ ሥራ ከለቀቁ ቆይተዋል። ቅዳሜ ብቻ ሳይሆን ማክሰኞም ሐሙስም እዚያው ካፌ ናቸው። የታሪክ አዋቂው ከሁለት ዓመት በፊት የተዘጋ ሱቅ ነበረው። ካልኩሌተር የመታው የቤቲንግ ትኬት ገና አልደረሰም፣ ኪሱ ውስጥ ግን ሌላ ሦስት አለ፣ አይቻለሁ። ለራሳቸው ሥራ ያላገኙ ሰዎች ለሌላው በአንድ ከሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ ሥራ ሲያገኙ ማየት ያስደንቃል። ሁሉም ቦታ ተሟልቷል፣ ግብ ጠባቂም አለ።

ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ጋሼ ተነሱ። ትከሻውን መታ አደረጉትና «በርታ፣ ዋናው ጤና ነው» አሉት። ጤና! ሌሎቹም ተራ በተራ «በርታ»፣ «አይዞህ»፣ «ደውልልኝ» እያሉ ተበተኑ። ስልክ ቁጥር የሰጠው ግን የለም። ጠረጴዛው ላይ ዘጠኝ ባዶ ብርጭቆ፣ ሁለት የኬክ ሳህንና 4 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር የተጻፈበት ሶፍት ቀረ።

አስተናጋጇ ሂሳቡን ይዛ መጣች። እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ እሱም ሰደደ። «ተው» አልኩት። «አንተ ተው» አለኝ። «እኔ ነኝ የጋበዝኩህ!» «እኔ ልሙት!» «ሙት አትበል!» እንዲህ ስንባባል ወረቀቱን ከእጄ መንጭቆ ተነሳ። ተከተልኩት፣ በወንበሮቹ መሃል በግራ በኩል፣ ግድግዳውን ታክኮ፣ እያነከሰ ሄደ።

ካሸሯ ጋ ቀድሞኝ ደረሰ። በዚያ ጉልበት።