ሄልሜት የግድ ነው፣ ማልያው ግን ይቆየን

እሁድ ጠዋት ድሬ ላይ አብረን ሳይክል በምንነዳ ሰዎች መሃል ሰሞኑን አንድ ሐሳብ ተነስቷል። የቡድኑን ማልያና የብስክሌት ቁምጣ ያላሟላ ሰው ከእንግዲህ አብሮን አይውጣ የሚል። ምክንያቶችም ተደርድረዋል። ፎቶ ላይ የተዝረከረክን እንመስላለን። አንድ ዓይነት ብንለብስ ስፖንሰር ሊገኝ ይችላል። ሹፌሮችም «ስፖርተኞች ናቸው» ብለው ቦታ ይለቁልናል። ሐሳቡን ያመጡት ልጆች ለቡድኑ ከማንም በላይ የሚለፉ ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም። እኔ ግን አልስማማም።

እስቲ የሚመጡትን ሰዎች እንይ። አንዱ የአጎቱን ከባድ ሳይክል ተውሶ፣ ከሳልባጅ የተገዛ የአርሴናል ማልያ ለብሶ ይመጣል። አንዷ ሳቢያን ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ መንዳት የተማረች ናት። ቀሚሷን ከሱሪ ላይ ደርባ፣ ሂጃቧን አስራ ትመጣለች። ሌላው «ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ተንቀሳቀስ» የተባለ አስተማሪ ነው። ቱታና ሸራ ጫማ አድርጎ፣ ትንሽ እያፈረ ዛፍ ሥር ይቆማል። እነዚህ ሰዎች ከዚራ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ሰውነት ላይ የተጣበቀ ልብስ የለበሰ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ጫማው አስፋልት ሲነካ ቀጭ ቀጭ የሚል ሰው ነው። ይሄ ብቻውን ያስፈራል። በላዩ ላይ ሕግ ከጨመርንበት ማን ሊመጣ ነው?

ከውጭ የሚገባ ማልያና ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ዋጋው አይቀመስም። ሳይክል መንዳት ይውደድ አይውደድ ገና ያላወቀን ሰው መጀመሪያ ያን ሁሉ አውጣ እንለዋለን?

ድሬ ደግሞ ሳይክልን ከእኛ አልተማረችም። ባጃጅ ከተማዋን ሳያጥለቀልቃት በፊት ስንቱ ሰው ሥራ የሚገባው፣ ቀፊራ ደርሶ የሚመለሰው፣ ልጁን ከኋላ ጭኖ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው በሳይክል ነበር። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ከዚራ ደግሞ ጥላ አለ። ሰዎቹ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ የሱሪያቸውን እግር አስረው ነዱ። ስለ ትጥቅ የጠየቃቸው የለም።

ይህን ስል ልብስ ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግዴታ መሆን ያለበት ነገር አለ። ሄልሜት አንዱ ነው። «አቦ ይሞቃል» የሚል ሰበብ ሁሌ ይመጣል። ድሬ ይሞቃል፣ እውነት ነው። ሰበቡን የፈጠርነው ግን እኛ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1991 በፈረንሳዩ የፓሪስ–ኒስ ውድድር ሄልሜት ግዴታ ይሁን ሲባል አድማ የመቱት የዓለም ምርጥ ብስክሌተኞች ነበሩ። ሕጉም ቀረ። በ2003 በዚያው ውድድር ላይ የካዛኪስታኑ አንድሬ ኪቪሌቭ ያለ ሄልሜት ወድቆ ሞተ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ውስጥ ግዴታ ሆነ። እኛ ሌላ ሰው እስኪወድቅ መጠበቅ የለብንም።

ሌላው የሱሪ እግር ነው፣ በተለይ የቀኙ። ካቴናው በዚያ በኩል ስለሆነ ሰፊ ሱሪ ይበላል። ካልሲ ውስጥ መክተት ወይም ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ማሰር ይበቃል። ጎሚስታው ዘንድ ሞልቷል፣ ገንዘብም አይጠይቅህም። የነጠላ ጫፍ፣ የሻሽ ጫፍ፣ የጫማ ክር፣ ሁሉም ሳይነሱ በፊት መታየት አለባቸው።

ከዚያ ደማቅ ቀለም። ወደ ደንገጎ ተራራ የሚወጣ ሰው ይህን ችላ ማለት የለበትም። ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚወርደውን መኪና የማያውቅ የድሬ ሰው የለም። ጫት ካደረ ዋጋ የለውም፣ ሹፌሩም ለማንም አይቆምም። በኩርባው ጥላ ውስጥ ጥቁር ለብሰህ ብትገኝ የሚያይህ ካለፈህ በኋላ ነው። የሚገርመው ለቡድን ማልያ ከታሰቡት ቀለሞች አንዱ ጥቁር መሆኑ ነው። ያምራል፣ አልክድም።

ደንገጎን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። የጅቡቲው ባቡር ሐረር መግባቱ ቀርቶ ታች ሜዳው ላይ የቆመው፣ ድሬም እ.ኤ.አ. በ1902 የተቆረቆረችው ያ ተራራ አስቸግሮ ነው። ባቡር እምቢ ያለውን ዳገት እኛ እሁድ ጠዋት ለመዝናናት እንወጣዋለን። (የሰፈር ሰው «ጤና የላቸውም» ቢለን አይፈረድበትም።) አዲስ ሰው ከድሬ ሲነሳ ስለ ብርድ አያስብም። ዳገቱ ላይም ላብ በላብ ነው። ቁልቁል ሲመለስ ግን በረጠበ ቲሸርት ላይ ነፋስ ይገባበታል። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ እጁ ደንዝዞ ፍሬን መያዝ እስኪያቅተው ሊደርስ ይችላል። የድሮ ተወዳዳሪዎች ተራራው ጫፍ ላይ ጋዜጣ ተቀብለው ከማልያቸው ሥር ደረታቸው ላይ ይወሽቁ ነበር። ፌስታልም ያው ሥራ ይሠራል። ኪስ ውስጥ ቦታ አይፈጅም፣ ወጪም የለውም። አዲሱ ሰው ግን ካልተነገረው አያውቀውም።

አለመናገር ከሁሉ የሚብሰው ቁምጣው ላይ ነው። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ከሥሩ ሙታንታ አይለበስበትም። ይኸው ነው። ግን ማን ደፍሮ ይናገረዋል? አዲሱ ሰው ተበድሮ ገዝቶ፣ ከሥር ሌላ ደርቦ ይመጣል። የሙታንታው ስፌት ይፈትገዋል፣ ቆዳው ይላጣል። ቤቱ ገብቶ በጎኑ እየተኛ «ይሄ ነገር ለእኔ አይደለም» ይላል። ትጥቁን አሟልቶ እኮ ነው! ቁምጣውንም በየጉዞው ማጠብ ያስፈልጋል። በእኛ ሙቀት ሳይታጠብ ሁለተኛ የተለበሰ ቁምጣ ብጉንጅ ያወጣል። የታሰበው ሕግ ስለነዚህ አንድ ቃል የለውም። ግዛና ልበስ ብቻ ነው የሚለው።

አሁን ወደ ሌላው ዓይነት ሕግ፣ ብስክሌተኞች ስለ መልክ ብቻ ወደሚያነሱት፣ ልምጣ። ካልሲ ይህን ያህል ይርዘም፣ መነጽር ከሄልሜቱ ማሰሪያ በላይ ይሁን፣ ማልያና ቁምጣ ይመሳሰሉ። ካልሲው እንኳ በዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ደንብ ውስጥ አለ፤ በቁርጭምጭሚትና በጉልበት መካከል ካለው ርቀት ግማሽ ማለፍ የለበትም። አዎ፣ ካልሲ የሚለካ ዳኛ አለ። ያ ግን በሰከንድ ክፍልፋይ ለሚወዳደሩ ሰዎች የወጣ ነው። እኛ መልካ ጀብዱ ደርሰን ሻይ ለመጠጣት ነው የምንቸኩለው።

የሻምፒዮን ማልያም ያከራክራል። የቱር ደ ፍራንስ መሪ የሚለብሰው ቢጫ ማልያ እ.ኤ.አ. በ1919 ነው የተጀመረው። ቀለሙ ውድድሩን ያዘጋጅ ከነበረው ጋዜጣ ቢጫ ወረቀት የተወሰደ ነው ይባላል። በአውሮፓ ክለቦች ሳያሸንፉ እሱን መልበስ ነውር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ወግ ነው፣ እናክብርላቸው። እኛ ጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር በነጥብ አንደኛ ለሚወጣ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ወሰደ። ያን አይቶ ልቡ የተነሳ የገንደ ቆሬ ልጅ አረንጓዴ ማልያ ከየትም ፈልጎ ለብሶ ቢመጣ «አውልቅ፣ አልተገባህም» ልንለው ነው? እኔ ብሆን ከፊት አስቀድሜው ፎቶ አነሳዋለሁ።

ይህን ሁሉ ስል ግን አዲስ ሰው እስካሁን የሸሸን በሕግ አይደለም። ሕጉ ገና አልጸደቀም። የሸሸን በቀልዳችን ነው።

ድሬ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ትላለች። የምትወደውን ታበሽቃለች። በዚህ ነው ያደግነው፣ ያምርብናልም። ግን ማብሸቅ ትውውቅ ይፈልጋል። ለሥራ ተመድቦ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ገና ማንንም የማያውቅ ልጅ ሰፊ ጂንስ ለብሶ ሲደርስ፣ አንዱ ከሩቅ ጮኾ «ወሪያ! ይሄ ሱሪ ከነባለቤቱ ነው እንዴ የተሸጠልህ?» ይለዋል። ሁሉም ይስቃል። እሱም ይስቃል። የሚቀጥለው እሁድ አይመጣም። እኛ ደግሞ «የዘንድሮ ልጅ ጽናት የለውም» ብለን እናወራለን። ቀልዱ ለተናጋሪው ሰላምታ ነው። ለሰሚው ግን መጀመሪያ የተነገረው ነገር ስለ ሱሪው መሆኑ ነው በልቡ የሚቀረው።

የዚህ ተቃራኒ የሚመስለውም አይሻልም። ጨዋ ሆነን ዝም እንላለን። አዲሱ ሄልሜቱን ገልብጦ አድርጎት አብሮን ሙሉውን መንገድ ሲሄድ ማንም አይነግረውም፣ «እንዳይከፋው» ተብሎ። ማታ ፎቶው ሲላክ ራሱ ያየዋል። ያን ጊዜ የሚሰማውን እፍረት አስቡት። ዝም ያልነው ለእሱ አዝነን ሳይሆን መናገሩ ከብዶን ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ወግ ግን ይፈልጋል። ለአዲስ ሰው ከመካከላችን አንድ ሰው ይመደብለት፤ ለሴት ሴት ብትሆን ይመረጣል። ሳይነሱ በፊት ጥግ ይዞ፣ ጎማውን እየነካካ፣ ስለ ሄልሜቱም ስለ ሱሪው እግርም በዝግታ ይንገረው። ስለ ቁምጣው ደግሞ ቁምጣ ለመግዛት ያሰበ ቀን። ጀማሪ ሆኖ ከፔዳል ጋር የሚቆለፍ ጫማ ገዝቶ የመጣ ካለም መንገድ ሳይገባ ቆሞ ተረከዙን ወደ ውጭ እየጠመዘዘ መላቀቅ ይለማመድ። አለዚያ የመጀመሪያው መብራት ላይ ከነሳይክሉ ይተኛል። ማብሸቁ አይቅር፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆይ።

የሴቶቹ ጉዳይ ለብቻው መነገር አለበት። ሕጉ ቢጸድቅ መጀመሪያ የምናጣው እነሱን ነው። ጠባብ ቁምጣ ለብሳ በመጋላ የምታልፍ ስንት ሴት አለች? እናቷስ ትፈቅዳለች? ለመንዳት ደግሞ ያ ልብስ የግድ አይደለም። ሱሪ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ቀለል ያለ ሹራብ፣ ጫፉ አንገት ውስጥ የገባ ስስ ሻሽ በቂ ነው። መጠንቀቅ ያለባት ሄልሜቱ እንዳይነሳ ነው። ወፍራም ጨርቅ ወይም ከላይ የተጠቀለለ ፀጉር ከሥሩ ካለ ሄልሜቱ በትክክል አይቀመጥም። ረጅም ቀሚስ የምትለብስ ደግሞ የካቴና ሽፋን ያለው ሳይክል ትምረጥ። አዲስ ለሚመጡት በምንልከው መልእክት ላይ «የፈለግሽውን ለብሰሽ ነይ» የሚለው የመጀመሪያው መስመር ይሁን።

ለወንዶቹም ቃል አለኝ። እሁድ ጠዋት ሰው ነጠላውን ለብሶ ከቅዳሴ ይመለሳል። እኛ በተጣበቀ ቁምጣ ፈጢራና ፉል ፊት እንቀመጣለን። አስተናጋጇ ወዴት እንደምታይ ይጨንቃታል። ስለ ልብስ ሥርዓት ካወራን እዚህ ጋ እናውራ። የብስክሌት ማልያ ከኋላው ሦስት ኪስ አለው፤ ስስ ሽርጥ ተጠቅልሎ በአንዱ ውስጥ ይገባል። ስትወርድ ከላይ ታገለድመዋለህ። መንገድ ዳር ልብስ መቀየር ካለብህም በእሱ ተከልለህ ትቀይራለህ። ለድሬ ወንድ ይህን ማንም አያስተምረውም።

ስፖንሰርና ፎቶ ለሚያሳስባቸው ልጆችም መልስ አለኝ። ለጊዜው ቀለም ብቻ እንስማማ። ብርቱካናማ ይሁን ቢጫ፣ ከቀፊራም ከየትም የተገዛ ቲሸርት ይበቃል። ፎቶ ላይ አንድ እንመስላለን፣ መኪናም ከሩቅ ያየናል። ማልያውን የሚፈልግ ደግሞ እቁብ እንግባ። ዕጣ የደረሰው በዚያ ወር ማልያና ቁምጣ ይገዛል። ሁሉም እስኪዳረስ ማን ለበሰ ማን አልለበሰ የሚል ጥያቄ አይነሳ።

ሄልሜትን ግዴታ ካደረግን፣ የሌለው ሰው ከበር እንዳይመለስ የምናውሰው ያስፈልገናል። የድሮ ሄልሜቱን አልጋ ሥር የወረወረ ሰው አይጠፋም። ወድቆ ያልተሰነጠቀ ከሆነ ማሰሪያውን አጥቦ እሁድ ይዞት ይምጣ።