ምስሉ መጣ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም!

ዲሽ የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ምስሉ ገና ብቅ ሲል ዳዶውን አጥብቃችሁ አትውረዱ! በዚህ ክረምት ብቻ ሦስት ጊዜ አሠራሁ፣ ሦስት ጊዜ ከፈልኩ፤ ሦስቴም ዝናብ ጠብ ሲል «ኖ ሲግናል» የሚለው ጽሑፍ ላይ ፈጥጬ ቀረሁ።

የደመራ ዕለት ነው የባሰብኝ። እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት መስቀል አደባባይ መሄድ ካቆመች አራት ዓመት ሆኗታል። ነጠላዋን አጣፍታ ቴሌቪዥኑ ፊት ትቀመጣለች፤ ለእሷ በዓሉ ያ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆር አለና ካፊያ ጀመረ። የሰንበት ተማሪዎቹ ወረብ መሃል ላይ ሲደርሱ ምስሉ ተቆራረጠ፣ ድምፁ ተንተባተበ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ደመራው ሲለኮስ አላየችም። «ተወው ልጄ፣ ዝናቡ ነው» አለችኝ። ዝናቡ አይደለም እማዬ! ያ ካፊያ እኮ ልብስ እንኳን አያርስም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪሲቨሩ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፦ ስትሬንግዝ (ጉልበቱ) እና ኳሊቲ (ጥራቱ)። መታየት ያለበት ኳሊቲው ነው። ስትሬንግዝ ኤል ኤን ቢው፣ ማለትም ዲሹ ፊት ለፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ፣ ኃይል ካገኘና ኬብሉ ደህና ከሆነ፣ ዲሹ ግድግዳ ላይ ቢያፈጥም ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ የማይረባውን ጫጫታ ሁሉ አብሮ ይቆጥራላ! የፈለግነው ሲግናል ምን ያህል ጠርቶ እንደገባ የሚነግረን ኳሊቲ ነው። መጨረሻ የመጣው ልጅ «ስትሬንግዝህ 85 ነው፣ አሪፍ ነው» ብሎኝ ወረደ። ኳሊቲው 38 ነበር። ቀኑ ብራ ስለነበር በ38ም ምስሉ ኩልል ብሎ ይታያል። ዝናብ ሲመጣ ግን ውሃው ከሲግናሉ ላይ ይቀንሳል፤ 38 ላይ ያለ ዲሽ ደግሞ የሚቀነስለት ትርፍ የለውም። ዲጂታል እንደ ድሮው አንቴና በረዶ እያሳየ፣ እየደበዘዘ አይቆይም። እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ቆይቶ ድንገት ቁርጥ ይላል። «ምስሉ ጥሩ ነው እኮ» የሚለው መልስ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

ሳተላይቱ ያለው ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። የአገራችን ቻናሎች የሚተላለፉበት ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ ከፍታው 66 ዲግሪ ገደማ፣ አናታችን ላይ ሊደርስ ትንሽ የቀረው። ናይልሳት የሚባለው ሌላው ሳተላይት ደግሞ 7 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ ላይ ነው፤ ለእኛ በምዕራብ በኩል 37 ዲግሪ ገደማ ላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። እንግዲህ ለዓመታት ናይልሳትን ሲያይ የኖረ ዲሽ ወደ ኢትዮሳት ሲዞር አቅጣጫውም፣ ከፍታውም፣ የኤል ኤን ቢው አቀማመጥም እንደ አዲስ መስተካከል አለበት። ባለ 60 ሴንቲ ሜትር ዲሽ አንድ ዲግሪ ተኩል ከሳተ ከሲግናሉ ግማሽ ያህሉ ይጠፋል። አንድ ዲግሪ ተኩል ማለት ዲሹ ጠርዝ ላይ ሲለካ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም! በጡጫ መታ መታ አድርጎ የሚስተካከል ነገር አይደለም።

የምለምናችሁ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ኳሊቲው ሲጨምር አትቁሙ፤ መልሶ መውረድ እስኪጀምር እለፉት፣ ከዚያ ወደ ከፍተኛው ቁጥር ተመለሱ። መጀመሪያ ግራና ቀኝ፣ ቀጥሎ ላይና ታች፣ በመጨረሻ ኤል ኤን ቢውን በቀስታ ማዞር። በየመሃሉ ሪሲቨሩ ቁጥሩን እስኪቀይር ጥቂት ሰከንድ ታገሡት። ዳዶ ሲጠብቅ ዲሹን ይዞት ይሄዳል፤ ስለዚህ እያፈራረቃችሁ፣ ቁጥሩን እያያችሁ አጥብቁ። የኬብሉን ጫፍም ውሃ እንዳይገባው በናስትሮ ጠቅልሉት።

የኮንዶሚኒየም ጣራ ላይማ ሌላ በደል አለ። የጎረቤት ዲሽ ሊሠራ የወጣ ሰው መንገዱ ላይ ያለውን የእኔን ገፋ አድርጎ ያልፋል፤ ማታ ቤቴ ስገባ ግማሹ ቻናል የለም።

ባለፈው ቅዳሜ መፍቻ ይዤ ራሴ ወጣሁ። እናቴ ሪሲቨሩ ፊት ተቀምጣ ቁጥሩን በስልክ ታነብልኛለች። «38... 45... 60... 74... ወረደ ልጄ፣ መልሰው፣ መልሰው!» መለስኩት። 74 ላይ አጠበቅኩት። እሑድ ማታ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ አንዴም አልተቋረጠም።

አራተኛ ፎቅ ያላችሁ ጎረቤቶቼ፣ ነገ ዲሽ ሠሪ እንደጠራችሁ ሰምቻለሁ። ጣራ ላይ ሲወጣ ጥሩኝ፣ አብሬው እወጣለሁ።