ታሪፉን ከማማረራችሁ በፊት ቧንቧውን አልብሱት

«ዓባይ ተገድቦ አልቋል። መብራት እንደ ልብ ነው። አሁን ስለ ቁጠባ ማውራት ጊዜው ያለፈበት ወሬ ነው። መንግሥት ታሪፉን ይቀንስልን፤ ሌላውን እኛ እናውቃለን።»

ይህን ያሉት አንድ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ ባለሀብቶች ተሰብስበው ሲወያዩ ነው የተናገሩት። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ደሜ ፈላ። እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

የታሪፉ ምሬት ይገባኛል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው። ጭማሪው ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ መወሰኑንም ሁላችንም እናውቃለን። የማይገባኝ ዋጋው እንደሚጨምር እያወቀ «ቁጠባ ጊዜው አልፏል» የሚል ነጋዴ ነው። ጤፍ ሲወደድ ጆንያው ላይ ያለውን ቀዳዳ የማይሰፋ ሰው አይቼ አላውቅም።

ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እኔም ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። 5,150 ሜጋ ዋት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ግድቡ ያለው ጉባ ነው። የእርስዎ ትራንስፎርመር ደግሞ ደብረ ብርሃን። በመሃል ስንት መስመር፣ ስንት ማከፋፈያ ጣቢያ አለ። ያ ሁሉ ተሟልቶ ኃይሉ በራፍዎ ላይ ቢደርስ እንኳ ቆጣሪው መቁጠሩን አይተውም። ግድቡ ሞላ አልሞላ ብሎ የሚጠይቅ ቆጣሪ የለም። ደግሞስ ያ ግድብ በማን ገንዘብ ተሠራ? ሊስትሮው ቦንድ ገዝቷል። የመንዝ ገበሬ ከበግ ሽያጩ ላይ ቀንሶ አዋጥቷል። በእርስዎ ግቢ ውስጥ በከንቱ እንዲፈስ አይደለም ያዋጡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ስለ ቧንቧ ነው።

እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ስሙን አልጠራም። ውሃ እየፈላ እንፋሎት ከሚሆንበት ከቦይለር ቤቱ ወደ ማምረቻው የሚሄድ የእንፋሎት ቧንቧ ነበረ። ሜዳ ላይ፣ ነፋስ እየመታው፣ ራቁቱን የተዘረጋ። ድሮ የለበሰው መሸፈኛ ተቦጫጭቆ አልቋል። ማንም መልሶ አላለበሰውም። ኅዳር ላይ የደብረ ብርሃን ሌሊት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ውርጩ ሣሩን አመድ ያስመስለዋል። አንድ ሌሊት ለጥገና ተጠርቼ ስገባ ዘበኛው ጋቢያቸውን ተከናንበው ቧንቧው ሥር ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ከሰል መግዛት ትቻለሁ። ይኼ ቧንቧ ይበቃኛል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እስቲ እናስላው። ሁለት ኢንች የሆነ፣ መደበኛ የፋብሪካ እንፋሎት የሚሄድበት ራቁት ቧንቧ ነፋስ በሌለበት እንኳ በየሜትሩ ከ300 ዋት በላይ ሙቀት ይጥላል። አሥር ሜትሩ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ማለት ነው። እናቶቻችን እንጀራ የሚጋግሩበትን የኤሌክትሪክ ምጣድ አስቡት። ያንን የሚያህል ምጣድ ባዶውን፣ ሊጥ ሳይፈስበት፣ ሌትና ቀን ሜዳ ላይ ተጥዷል። ቦይለሩ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ ከ21,000 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። ይህ አሥር ሜትር ብቻ ነው። የእኛው ቧንቧ ከመቶ ሜትር ይበልጥ ነበር። ነፋሱን ደግሞ ጨምሩበት። የደብረ ብርሃን ነፋስ ኪሳራውን እጥፍ ቢያደርገው የሚደንቀኝ አይደለም።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? ግላስ ውል፣ ማለትም ሙቀት የሚይዝ የመስታወት ጥጥ፣ መጠቅለል፣ ከላዩ ላሜራ ማልበስ። በቃ። በትክክል የለበሰ ቧንቧ ከሚጥለው ሙቀት ከአሥር ዘጠኙን እጅ ያህል ይይዛል። ግላስ ውሉ ገበያ ላይ አለ። ላሜራውን የሚቀጠቅጥ ባለሙያ በየሰፈሩ አለ። አለቃዬን ስጠይቀው «በጀት የለም» አለኝ። በዚያው ወር ቢሮው አዲስ ምንጣፍ ተነጠፈለት። ይህን እስካሁን አልረሳሁትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ የሚሆንበት አገር ነው። የመንዝ ሰው ብርድን እንዴት እንደሚያሸንፍ ማንም ሊያስተምረው አይችልም። ከበጉ ፀጉር በርኖስ ሠርቶ ይደርባል። ሌሊት ባናውን ይከናነባል። የደብረ ብርሃንን ብርድ ልብስ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ሙቀት ከሸሸ እንደማይመለስ እዚህ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ታዲያ በዚህች ከተማ፣ በብርድ ልብስ አገር፣ 170 ዲግሪ የሚግል ቧንቧ ራቁቱን ሲያድር እንዴት ማንም አያፍርም?

ቧንቧው ብቻ ቢሆን ጥሩ። ቫልቩም ራቁቱን ነው። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት ወደ ውሃነት ተመልሶ፣ ገና እየተፋጀ፣ ወደ ቦይ ይለቀቃል። ያ ውሃ ንጹሕ ነው፤ ተጣርቷል፤ ተከፍሎበታል። እሱን ደፍተው ከጉድጓድ የመጣ ቀዝቃዛ ውሃ ቦይለሩ ውስጥ ይጨምራሉ። ቦይለር የሚገባው ውሃ በየ6 ዲግሪው ሲሞቅ ከነዳጁ 1 በመቶ ገደማ ይተርፋል። 15 ዲግሪ የነበረውን 75 ዲግሪ አድርጋችሁ አስገቡት፤ ከነዳጁ ወጪ አንድ አሥረኛው ተረፈ ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ታንከር፣ ፓምፕና ቧንቧ ነው። ከታሪፍ ጋር ምን አገናኘው? ከዓባይስ ጋር?

ይኼ ደግሞ ወደ ሌላው ንግግር ይወስደኛል። በዚያው ስብሰባ ላይ ሌላ ሰው ተነሥተው «እኛ የምንሠራው በውሃ ኃይል ነው፤ አካባቢ አንበክልም» አሉ። ቦይለሩ ግን የሚነደው በከባድ ጥቁር ናፍጣ ወይም በእንጨት ነው። መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄነሬተር ናፍጣ ነው የሚጠጣው። ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ ያለው ገበሬ እንጨት አጥቶ ኩበት ያነዳል። ማሳው ፍግ ያጣል። ባህር ዛፉን ለቦይለርና ለዳቦ ቤት እየማገዱ «ንጹሕ ነን» ማለት ድፍረት ነው።

ማሽኖቹ የሚሠሩበትን አየር የሚጨምቀውን ኮምፕረሰሩንም ልንገራችሁ። እሁድ ማሽኑ ሁሉ ሲቆም ማምረቻው ውስጥ ገብታችሁ ጆሯችሁን አቅኑ። ፍስስስ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ብር ነው። ጥገና በጎደለው ፋብሪካ ከተጨመቀው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው እንዲሁ ሾልኮ እንደሚቀር በሙያው ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ከባህር ዳርቻ አገር ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ኮምፕረሰሩ ያንኑ ጋን ለመሙላት ብዙ አየር መሳብ አለበት። እዚህ የሚሾልክ አየር ጅቡቲ ከሚሾልከው ይበልጥ ያስከፍላል። ቀዳዳውን ለማግኘት የሳሙና አረፋና ብሩሽ ይበቃል።

ሆቴሎችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። እንግዳ የሌለበት ክፍል ቦይለር ቀኑን ሙሉ ይፈላል። ፀሐዩ በዚህ ከፍታ ላይ ቆዳ ይልጣል፤ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ማሞቂያ የሰቀለ ግን ስንቱ ነው? የሙቅ ውሃውን ታንከር በበግ ፀጉር መጠቅለል ይቻላል። ፀጉሩ እዚሁ በየገበያው አለ። እንጀራ የሚጋግረውም ቤት ምጣዱ ከጋለ ወዲያ ሳያቋርጥ ቢጋግር ይሻለዋል። በየሁለት ሰዓቱ አጥፍቶ ማብራት ምጣዱን ደጋግሞ ከብርድ ማስነሣት ነው።

አንድ ነገር አምናለሁ። መብራት መቆራረጡ እውነት ነው። ቦይለር ድንገት ሲጠፋ፣ ሊጡ ማሽን ውስጥ ሲቀር ያለው ኪሳራ ቀላል አይደለም። ይህን መብራት ኃይል ሊመልስ ይገባል። የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያም ዶላር ይፈልጋል። የፓምፕ ፍጥነት በ20 በመቶ ቢቀንስ የሚበላው ኃይል በግማሽ ገደማ ስለሚወርድ ለጥቅሙ ወደር የለውም፤ ግን ዛሬ ነገ ሊባል ይችላል። ለላሜራ ግን ዛሬ ነገ የለም። ለሳሙና አረፋ ዛሬ ነገ የለም።

የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የኃይል ቁጠባና ብቃት እዚያ ውስጥ ተጽፏል። የከተማው ሹሞች ግን ባለሀብት ሲመጣ ሪባን ይቆርጣሉ እንጂ ቦይለር ቤቱን ገብተው አያዩም። «በአንድ ኩንታል ምርት ስንት ኃይል ትፈጃላችሁ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሹም አላጋጠመኝም። ፋብሪካውም ራሱ አይለካውም። ወር ሲደርስ ደረሰኙን አይቶ ይጮኻል፤ ከፍሎ ይረሳዋል።

ስለዚህ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ታሪፍ ይቀነስልን ከማለትዎ በፊት ሁለት ቁጥር ይዘው ይምጡ። ቅዳሜ ማታ ሥራ ሲቆም ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ይጻፉ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር እንደገና ይጻፉ። በመሃሉ ያለው ልዩነት ማንም ሳይሠራ የተበላ ኃይል ነው። ከዚያ ቦይለሩ በሚነድበት ሌሊት ግቢዎ ይግቡ። ቧንቧው የት ቦታ ራቁቱን እንደሆነ ካላወቁ መሐንዲስ መጥራት አያስፈልግዎትም። ዘበኛው የት እንደተቀመጡ ይዩ።