እርማት፦ የዋሽንግተኑ ቻናል 7 የኤቢሲ ንብረት አይደለም

ሰላም ለሁላችሁ። በቻናል 7 የአካባቢ ዜና ቅር የተሰኛችሁ ወገኖች «የሚያዘው ኤቢሲ ነው፣ ኒውዮርክ እንጻፍለት» ስትባባሉ አይቻለሁ። (ኤቢሲ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኒውዮርክ የሆነ የአሜሪካ ብሔራዊ የቴሌቪዥን ኔትወርክ ነው።) ቅሬታችሁ ይገባኛል፤ አድራሻው ግን ሌላ ነው።

ጣቢያው (መለያ ፊደላቱ ደብሊው ጄ ኤል ኤ፣ WJLA) እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ንብረትነቱ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ጣቢያዎች ያሉት የሲንክሌር ኩባንያ ነው። ከኤቢሲ ጋር ያለው የስርጭት ውል ብቻ ነው፤ የማታውን ብሔራዊ ዜና ከኤቢሲ ይቀበላል፣ የከተማውን ዜና ግን የራሱ ጋዜጠኞች ይሠሩታል። ስህተቱ የሚገርም አይደለም፤ ጎረቤቱ ቻናል 4 በእርግጥም የሌላው ኔትወርክ የኤንቢሲ የራሱ ነው። በባለቤትነትና በስርጭት ውል መካከል ያለው ልዩነት በ2018 በግልጽ ታይቷል፦ በየከተማው ያሉ የሲንክሌር ዜና አንባቢዎች አንድ ዓይነት ጽሑፍ ቃል በቃል አነበቡ። ከኤቢሲ ጋር የሚሠሩም ከሌላው ኔትወርክ ከፎክስ ጋር የሚሠሩም ነበሩበት፤ ትእዛዙ የመጣው ከባለቤቱ ነበርና።

ለማረጋገጥ የኤፍ ሲ ሲን (የስርጭት ፈቃድ የሚሰጠውን የአሜሪካ መንግሥት ኮሚሽን) ድረ ገጽ ክፈቱ። በየጣቢያው የሕዝብ ፋይል ውስጥ የባለቤትነት ሪፖርት አለ፤ የጣቢያውን መለያ ፊደላት አስገብታችሁ ፈልጉ። የስርጭት ፈቃዱም የተሰጠው ለጣቢያው ባለቤት እንጂ ለኤቢሲ አይደለም።

ለኤቢሲ የምትልኩት ደብዳቤ ያንን ዜና ማረም ለማይችል ሰው ነው የሚደርሰው። አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ላለው ለጣቢያው ዜና ክፍል ጻፉ፤ ዜናው የተላለፈበትን ቀንና ሰዓትም ጥቀሱ።