ሁለት መቶ ሚሊ ሜትር ለሐዋሳ ሠርግ፦ ዋጋው ይገባዋል?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «በሐዋሳ በሠርግ ፎቶ የሚተዳደር ባለሙያ ለ70–200 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8 ሌንስ የሚያወጣው ገንዘብ ተገቢ ነው።» ሚሊ ሜትሩ ሌንሱ ሩቁን ምን ያህል እንደሚያቀርብ ያሳያል፤ ኤፍ ደግሞ ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ያመለክታል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ደጋፊው ሌንሱን በዕቁብ ገንዘብ የገዛ ፎቶ አንሺ ነው፤ ተቃዋሚዋ በዚያው ከተማ ፎቶ ቤት ታስተዳድራለች።

ደጋፊ፦ ክርክሬን የምጀምረው ከዋጋው ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካለው ብርሃን ነው። ሥርዓተ ተክሊል በሚፈጸምበት ሰዓት ፎቶ አንሺ በካህናቱ መካከል ሊመላለስ አይችልም፤ ፍላሽ ማብራትም ብዙ ጊዜ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ከምእመናኑ ኋላ ዓምድ ተጠግቶ ቆሞ፣ አክሊሉ በሙሽሮቹ ራስ ላይ የሚደፋበትን ቅጽበት ከሩቅ መያዝ ይኖርበታል። ርካሹ 70–300 ሌንስ ወደ ሩቅ ሲሳብ ቀዳዳው ወደ ኤፍ 5.6 ይጠብባል፤ ይህኛው ግን እስከ መጨረሻው 2.8 ላይ ይጸናል። ልዩነቱ አራት እጥፍ ብርሃን ስለሆነ፣ በርካሹ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፤ ከፍ ሲል ፎቶውን ያሻክራል) 6400 የሚጠይቀው ፎቶ በዚህ በ1600 ይነሣል፤ የካባው ጥልፍም አሸዋ የተነሰነሰበት ሳይመስል ጥርት ብሎ ይወጣል። ዕድሜውንም አስቡ። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣቸው የኢኤፍ ሌንሶች፣ በ2018 በመጡት መስታወት አልባ ካሜራዎቹ ላይ በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) ይሠራሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት የገዛ ሰው ደግሞ ዛሬ በዚያው ብር ሌንሱን ሊገዛው አይችልም።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ ሌንሱን ስለሚወዱት ገዙት ቢሉን ኖሮ አልከራከርም ነበር፤ ያዋጣል ስላሉ ግን ሒሳቡን እንይ። ስለ ብርሃን ያሉት ልክ ቢሆንም መንገድ ላይ አቁመውታል፤ 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ከሁለት እጥፍ በላይ ብርሃን ይጨምራል፣ ዋጋውም የትልቁን ሲሶ አይደርስም። የብር መዳከም የሚጠቅመው ሌንሱን ለሚሸጥ ሰው እንጂ ነገም ሊሠራበት ለሚፈልግ አይደለም፤ ሸጦ ሌላ ልግዛ ቢል የሚጠብቀው ያው አዲሱ ዋጋ ነው። የተክሊሉ ሥራ ደግሞ ጥር ላይ ይከመርና ዐቢይ ጾም ሲገባ ይቆማል። በእነዚያ ሳምንታት ሌንሱ ከቦርሳው ሳይወጣ፣ ሻጋታ እንዳይዘው እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል እየተለወጠለት ይከርማል፤ በዚያው ገንዘብ ግን መጠባበቂያ ካሜራ ተገዝቶ የአልበም ማሳተሚያ ይተርፍ ነበር። ለሐይቁ ዳርም ቢሆን አያስፈልግም፤ አሞራ ገደል በተባለው የዓሣ ገበያ ትልቁ ወፍ አባ ኮዳ የዓሣ ትርፍራፊ ፍለጋ እግር ሥር ድረስ ስለሚመጣ፣ 200 ሚሊ ሜትር የደቀነበት ሰው ምንቃሩን ብቻ ይዞ ይመለሳል።

ደጋፊ፦ ስለ አባ ኮዳው እስማማለሁ። እህቴ ያነሡት 85 ሚሊ ሜትርም የሚያምር ሌንስ ነው፤ ነገር ግን መራመድ በማይቻልበት ቦታ የ200ውን ያህል ለማቅረብ ፎቶውን መቁረጥ ግድ ነው። ያን ጊዜ 24 ሜጋ ፒክስል የነበረው ወደ 4 ገደማ ይወርዳል፤ በቀዳዳው ስፋት የተገኘው ትርፍም አብሮ ተቆርጦ ይቀራል። ሥራውም በተክሊል ብቻ አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ በጉዱማሌ አደባባይ ሲከበር፣ ቄጣላ የተባለውን ባህላዊ ዜማ እያዜሙ የሚገቡትን ሽማግሌዎች ሰልፉን ሳይረብሹ በቅርብ ማሳየት የሚችለው ረጅም ሌንስ ነው። ሌንሱን ይከራይ እንዳይሉኝ ደግሞ፣ በጥር እሑድ ሌንስ የሚፈልገው ሁሉም ነው፤ ቀብድ ከሙሽሮች ተቀብሎ አከራይ ደጅ መጥናት አይቻልም።

ተቃዋሚ፦ የመቁረጡን ነገር ተቀብያለሁ። የጥር ኪራይ እንደሚያስቸግርም አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሠርጉ አስቀድሞ የተቆረጠ ቀን ስላለው ሌንሱንም በቀብድ አስቀድሞ መያዝ ይቻላል። ለአንድ ዓመት የኪራይ ደረሰኙን ሰብስቦ ከመግዣው ዋጋ ጋር ያስተያየ ሰው ልግዛ ቢለኝ እሰማዋለሁ። ስለ መጠባበቂያ ካሜራ ያነሣሁትን ግን ወንድሜ ዝም ብለው አልፈውታል፤ ያለችው አንዲት ካሜራ በተክሊሉ መሀል ብትቆም፣ ይህ ሁሉ ሌንስ ምን ላይ ሊገጠም ነው?