ለክቡር የዓመቱ የጤና ቅድሚያ ትኩረቶች ዝርዝር

ጉዳዩ፦ ቢያንስ አንድ ነገር እንዲሰርዙ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣ እንኳን ለአዲሱ የበጀት ዓመት አደረሰዎ። እርስዎማ ዕድሜ አይነካዎትም። የአምናዎቹ አንቀጾች ዘንድሮም ሙሉ ጤንነት ላይ ናቸው። የተቀየረው ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት ብቻ ነው።

የጤናውን ሥርዓት ለማሻሻል ቅድሚያ የሰጧቸውን ጉዳዮች ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ተላላፊ በሽታዎች ቅድሚያ ተሰጥቷቸዋል። ጥሩ። ቀጥሎ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችም ቅድሚያ ተሰጥቷቸዋል። እዚህ ጋ ትንሽ ቆም አልኩ። ምናልባት አደጋና ጉዳት ወረፋ ይጠብቅ ይሆናል ብዬ ገጹን ገለጥኩ። እሱም ቅድሚያ ተሰጥቶታል። እናቶች፣ ሕፃናት፣ ወጣቶች፣ አረጋውያን፣ ሁሉም ፊት ቆመዋል። ሰልፉ ግንባር ብቻ ነው፤ ጅራት የለውም። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባላል። እርስዎን ግን በየዓመቱ ያወጡዎታል፤ ያውም ያለ ገንዘብ።

ግሦችዎንም ሳላደንቅ አላልፍም። ይጠናከራል። ይስፋፋል። በትኩረት ይሠራል። ማን ነው የሚያጠናክረው? እስከ መቼ? በየትኛው በጀት? መልሱ ሁሌም «ባለድርሻ አካላት በቅንጅት» ነው። እነዚህን አካላት በአካል ያየ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ቁጥር ለምን እንደሚሸሹ ግን ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ የተሰበሰቡ የአፍሪካ መሪዎች ከበጀታችን ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ብለው ቃል ገቡ። የቁጥር ክፋቱ ያስጠይቃል። ይኸው ማን ደረሰ፣ ማን ቀረ እየተባለ ዛሬም ይለካሉ፤ አብዛኞቹም አልደረሱም። እርስዎ ከዚህ ተማሩ። «ይጠናከራል»ን ማን በምን ይለካዋል?

ከዘመዶችዎ መካከል ግን አንድ ደፋር ነበር። አሜሪካ፣ ኦሪገን ግዛት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ግዛቲቱ ለድሆች የምትሸፍነውን ሕክምና በተመለከተ ሕግ አወጣች። ለሁሉም ሕክምና የሚበቃ ገንዘብ የለንም፤ እያንዳንዱን በሽታ ከነሕክምናው በተራ እንደርድር፤ ገንዘቡ የሚያልቅበት ቦታ ላይ መስመር እናስምር አሉ። ሕዝብ ሰብስበው ጠየቁ። ሐኪሞችን ጠየቁ። በኮምፒውተር አሰሉ። በ1990 የወጣው የመጀመሪያ ረቂቅ ጉድ ነበር። ለተጎዳ ጥርስ ቆብ ማልበስ ከትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በላይ ተቀምጦ ተገኘ! ስሌቱ ወጪን ከጥቅም ጋር ሲያመዛዝን፣ ርካሹ ጥርስ ነፍስ አድኑን ቀዶ ሕክምና ቀደመው። አገር ሳቀባቸው። እነሱ ግን ወረቀቱን ሸሽገው «በትኩረት እንሠራለን» አላሉም። እንደገና አስተካከሉት። በ1994 ሥራ ሲጀምር ዝርዝሩ 696 ተራዎች ነበሩት። ክፍያው 565ኛው ላይ ቆመ።

ጭካኔ ነው? አዎ። መስመሩ የተሰመረው ድሃው ላይ ነው ብለው የተቹትም አልዋሹም። በሌላ በኩል የሕክምና ሽፋኑ ከዚያ በፊት ደጅ ለነበሩ ብዙ ድሆች ተዳረሰ። 566ኛው ተራ ላይ የወደቀ ሰው ደግሞ ቢያንስ እንደቀረ ያውቃል። ማን እንደወሰነበትም ያውቃል፤ ሄዶ ይጮህበታል።

የእርስዎም መስመር እኮ አለ። ወረቀት ላይ አይታይም እንጂ። የመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ «አልቋል» ሲባል ይሰመራል። የተበላሸ የራጅ ማሽን ላይ በተለጠፈች ብጣሽ ወረቀት ይሰመራል። ከወራት በኋላ ተመለሱ በሚል ቀጠሮ ይሰመራል። የምታሰምረው የዕለቱ ተረኛ ነርስ ናት፤ ስድቡንም የምትጠጣው እሷው ናት። እርስዎ በዚያ ሰዓት በሚያብረቀርቅ ወረቀት ታትመው፣ ከውሃ ጠርሙስ ጎን፣ ስብሰባ ላይ ነዎት።

ገንዘብ አነሰን እንዳይሉኝ ደግሞ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ዘገባ፣ ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ከ20 እስከ 40 በመቶው እንደሚባክን ገምቷል። አላስፈላጊ መድኃኒት ይታዘዛል። እኩል የሚሠራ ርካሽ መድኃኒት እያለ ውዱ ይገዛል። የማያስፈልግ ምርመራ ይደረጋል። የሚሰረዝ ነገር ከፈለጉ እንግዲህ ሞልቷል።

ልመናዬ ትንሽ ናት። ለከርሞ ሲመጡ «ዘንድሮ የማንሠራው» የሚል አንድ ዓምድ ይጨምሩልን። የምንሠራው በሚለው ስር ደግሞ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉ፤ ከየጎናቸው በጀቱና የኃላፊው ስም ይኑር። አራተኛው ቢቆጣ ይቆጣ። ቢያንስ የሚቆጣበት ነገር ያገኛል።

መልስዎን በጽሑፍ ይላኩልኝ። ዐውደ ጥናት እንዳይጠሩኝ አደራ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ታካሚ

ግልባጭ፦
ለባለድርሻ አካላት (በአካል ከተገኙ)