አፍሪካን በባቡር መዞር ከጅማ ለሚነሳ ሰው ይበጃል ወይስ አይበጅም?

ተከራካሪዎቹ ሁለቱም የጅማ ነዋሪዎች ናቸው። ደጋፊው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ሲሆኑ፣ ተቃዋሚዋ ለሥራቸው ወደ ኬንያና ታንዛኒያ የሚመላለሱ የቡና ነጋዴ ናቸው። በጽሑፍ ላካሄዱት ክርክር የቀረበው ሐሳብ «አፍሪካን ማየት የሚሻ ሰው ጉዞውን በባቡር ላይ ይመሥርት» የሚል ነው።

መምህሩ

አውቶቡስ ሰውን ያደርሳል እንጂ አገር አያሳይም። ከጅማ ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ፣ የጊቤን ቁልቁለት ወርዶና ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል፤ በዚሁ አኳኋን አህጉር ልዙር ቢል ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚሰማው ወገቡን ብቻ ነው። ስለዚህ ተጓዡ ሐዲድ ያለበትን ቦታ አስቀድሞ ለይቶ መንገዱን በዚያ ላይ እንዲዘረጋ እመክራለሁ። ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርሰው መስመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከናይሮቢ ሞምባሳ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አዲስ ባቡር አለ፤ ከዳሬሰላም ዶዶማ ደግሞ በ2024 ተከፍቷል። ከሁሉም የሚልቀው ግን ከዳሬሰላም ተነስቶ ዛምቢያ ውስጥ ካፒሪ ምፖሺ እስኪደርስ 1,860 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ታዛራ ነው። እዚያ የሚሳፈር ሰው ባለ አራት አልጋውን ክፍል ይምረጥ፤ ወንድና ሴት በአንድ ክፍል የሚያድሩት ክፍሉን ሙሉውን ሲይዙት ብቻ ስለሆነ ባልና ሚስት ይህን አስቀድመው ይወቁ፤ ውኃና ስንቅም ከሚያስፈልገው በላይ ይያዝ። ባቡር ደግሞ መንገደኛውን ዳር ላይ አይጥለውም፤ ከተማ መሃል ያወርደዋል።

ነጋዴዋ

መምህር፣ በአክብሮት ልጠይቅዎ፤ የትኛው ከተማ መሃል? ፉሪ ለቡ የአዲስ አበባ መሃል ነው? የጅቡቲው ናጋድ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። የናይሮቢው ጣቢያ ያለው ሲዮኪማው፣ የሞምባሳው ደግሞ ሚሪቲኒ ነው፤ ሁለቱም ዘንድ ከባቡር ወርዶ ሌላ መጓጓዣ ያልያዘ ሰው ከተማውን አያገኘውም። ምክርዎን አምኖ ማታ የሚደርስ ወጣት ለታክሲ የሚከፍለውን ከየት ያመጣል?

ሐዲዶቹም እርስ በርስ አይገናኙም። ከሞምባሳ ዳሬሰላም የሚወስድ የመንገደኛ ባቡር የለም። ዳሬሰላም ውስጥ ራሱ ሦስት ዓይነት የሐዲድ ስፋት አለ፦ የድሮው አንድ ሜትር ነው፤ የታዛራው 1,067 ሚሊ ሜትር፣ አዲሱ ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ከዶዶማ መጥቶ በታዛራ መቀጠል የሚፈልግ መንገደኛ ሻንጣውን ተሸክሞ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ከተማውን ያቋርጣል። ከዚህ ከጅማ እስከ ሞያሌ፣ ከሞያሌም እስከ ናይሮቢ ያለው ረጅም መንገድ ሁሉ በአውቶቡስ ነው። ታዲያ ጉዞው የተመሠረተው በባቡር ላይ ነው ማለት እንዴት ይቻላል? በባቡር አህጉር መዞር ጊዜው ለተረፈው ሰው ነው።

መምህሩ

«ጊዜው የተረፈው ሰው» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። 34 ዓመት ጠመኔ ይዤ ቆሜ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ መውጣቴ ጊዜዬን ትርፍ አያደርገውም፤ እንዲያውም የቀረኝ ጥቂት ስለሆነ የት እንደማውለው እመርጣለሁ። እኅቴ ይህን ለመጻፍ ባይቸኩሉ ደስ ባለኝ ነበር።

ስለ ለቡም ቢሆን ከጅማ የሚሄድ ሰው የሚገባው በሰበታና በዓለም ገና በኩል መሆኑን ዘንግተውታል። ለእኛ ለቡ ከከተማው መሃል ይቀርበናል።

የጊዜው ስሌትም የተሳሳተ ነው። ሌሊቱን አውቶቡስ ላይ ያሳለፈ ሰው በማግስቱ ተኝቶ ስለሚውል ያተረፈው ቀን የለም። በታዛራ ግን ሌሊት በአልጋ ይተኛል፤ ታንዛኒያና ዛምቢያ የሚዋሰኑበት ቱንዱማ ጋ ሲደርስም የድንበር ሠራተኞች ራሳቸው ወደ ባቡሩ ይመጣሉ። ናይሮቢ ጣቢያ መንገደኛው ሻንጣውን መሬት ላይ በሰልፍ አስቀምጦ ፈንጠር ብሎ ይቆማል፤ ውሻ አንድ በአንድ እያሸተተ ያልፋል፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ፍተሻ አለ። ስለዚህ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት መድረስ ይገባል። እንዲህ ያለው ሥርዓት ደኅንነትን የሚጠብቅ እንጂ ጊዜ የሚያባክን አይደለም።

ነጋዴዋ

ለለቡ መልስ ሰጡ፤ ስለ ናጋድ፣ ስለ ሲዮኪማውና ስለ ሚሪቲኒ ግን አንድ ቃል አልጻፉም። «ከተማ መሃል» ያሉት እርስዎ ነዎት። እኔ ደግሞ ያን ቃል አምኜ የተጎዳሁ ሰው ነኝ። በአንድ የጎረቤት አገር ቀን ይደርሳል የተባለ ባቡር ዘጠኝ ሰዓት ዘግይቶ እኩለ ሌሊት ላይ አወረደኝ። የጣቢያው መብራት አንድ ብቻ ነበር፤ መኪና የለም፤ የቡና ናሙናዬን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ አነጋሁ። ጠዋት የምገናኘው ገዢ ጠብቆኝ ሄዷል። ክረምቱን ሙሉ የተነጋገርንበት ውል ነበር።

ጊዜው የተረፈ ስል እርስዎን ማለቴ አልነበረም፤ ቀጠሮ የሌለውን ሰው ማለቴ ነው። በባቡር ልሂድ ለሚል ሰው የምመክረው ይህን ነው፦ ረጅም ባቡር ከመሳፈሩ በፊትና ከወረደ በኋላ ሁለት ሁለት ባዶ ቀን ይተው፤ በሚወርድበት ዕለት የአውሮፕላን ትኬት አይቁረጥ፤ የሚወርድበትን አገር ዝርዝር ብር አስቀድሞ ይያዝ፤ ባቡሩ በዚያ ሳምንት መኖሩን ጣቢያው ድረስ ሄዶ ወይም ደውሎ ያረጋግጥ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱንም ከፓስፖርቱ ጋር ያድርግ፤ ታንዛኒያም ዛምቢያም ከእኛ አገር የሚመጣን ሰው ይጠይቁታል።

መምህሩ

በደረሰብዎ አዝኛለሁ። «ከተማ መሃል» ያልኩት ልክ አልነበረም። ቃሉ ያመለጠኝ ለገሐርን እያሰብኩ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ ይዞኝ ከድሬዳዋ በመጣበት ጊዜ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ በገባው በአሮጌው ሐዲድ ይሄድ ነበር፤ ከፉርጎው ወርደን የቸርችል ጎዳናን ሽቅብ በእግራችን ወጣን። ለእኔ ባቡር ማለት ያ ነው። በጅማ በኩል አድርጎ ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር ይዘልቃል የተባለው መስመር ዕቅድ ላይ ሲሰፍርም ለተማሪዎቼ ካርታው ላይ በጠመኔ አስምሬላቸው ነበር። ስለዚህ ከጅማ የሚነሳ ሰው ባቡርን ትቶ ይሂድ ሲባል ዝም ማለት አልችልም።

ነጋዴዋ

ለገሐርን እኔም አውቀዋለሁ፤ የዛሬው መንገደኛ ግን እዚያ አይወርድም። የእኅቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ከዚሁ ከመናኸሪያችን ይነሳል። እስከ ናይሮቢ በአውቶቡስ፣ ከናይሮቢ ሞምባሳ በባቡር፣ ከዚያ ዳሬሰላም እንደገና በአውቶቡስ ብዬዋለሁ። ታዛራን አልመከርኩትም፤ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ብቻ ነው ያለው።

መምህሩ

እንግዲያው የሞምባሳውን ትኬት ቀድሞ ይቁረጥ፤ ክፍያው በአብዛኛው በስልክ ስለሆነ ናይሮቢ እንደገባ የኬንያ ሲም ካርድ ያውጣ። ወንበሩ መስኮት አጠገብ ይሁን፤ የሚሄደውም በቀኑ ባቡር ይሁን። ሐዲዱ በጻቮ የዱር እንስሳት ፓርክ በኩል ሲያልፍ ዝሆኖቹ የአገሩን ቀይ አፈር ስለሚለብሱ ከሩቅ ሲታዩ ኩይሳ ይመስላሉ፤ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወደ ውጭ ይመልከት።